ለሽንት መጣደፍ የነርቭ ማነቃቂያ የሞከረ አለ? ቁርጭምጭሚት ላይ ይሻላል ወይስ ወገብ ላይ?

ማታ_አልተኛም (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ናችሁ? ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን እዚህ ማን እንደሆንኩ ስለማይታወቅ በድፍረት ልጻፈው። ሽንት ያጣድፈኛል። ሞልቶ እኮ አይደለም፤ ጠብታም ብትሆን "አሁኑኑ!" ይለኛል። ከሥራ ስመለስ የቤቴን ቁልፍ በሩ ላይ ስሰካ ይብስብኛል፣ እዚያው በር ላይ ያመለጠኝ ጊዜ አለ። የቧንቧ ውሃ ድምፅ ስሰማ ደግሞ አለቀልኝ። ማታ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ቤተ ክርስቲያን የምቆመው በሩ አጠገብ ነው፣ ሰርግ ስጠራ ሙሽሮቹን ሳይሆን መጀመሪያ የማየው መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ነው። ስኳር ተመርምሬ የለብሽም ተብያለሁ። ኢንፌክሽንም የለም።

ኦክሲቡቲኒን የሚባል ፊኛ የሚያረጋጋ ክኒን ታዞልኝ ጀምሬ ነበር። አፌ ደርቆ ምራቅ እስከ ማጣት ደረስኩ፣ ሆድ ድርቀቱ ሌላ ጣጣ፣ ተውኩት። አሁን ዶክተሯ ሦስት ነገር አቀረበችልኝ፦ ፊኛ ውስጥ ቦቶክስ መወጋት፣ ቁርጭምጭሚት ላይ በቀጭን መርፌ ነርቭ ማነቃቃት፣ ወይም መቀመጫዬ ላይ ከቆዳ ሥር ትንሽ መሣሪያ ቀብሮ የወገብ ነርቭ ማነቃቃት። "አንብቢና ምረጪ" ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። እኔ ሆም ኬር ነው የምሠራው፣ ፈረቃ ለመቀየር ሰው መለመን አለብኝ። ደግሞስ እግሬን ወግተው ፊኛዬን የሚያረጋጉት በምን ሒሳብ ነው? የሞከራችሁ ንገሩኝ። "ጸልዪ" ልትሉኝ ያሰባችሁ፣ እየጸለይኩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ቲጂ_ነርሷ

እህቴ፣ አትፈሪ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ዩሮሎጂ (የሽንት ሕክምና) ክሊኒክ ነው የምሠራው፣ የእግሩን እኔ ራሴ ነኝ ለታካሚዎች የምሠራው።

በምን ሒሳብ ላልሽው፦ ከቁርጭምጭሚት በስተ ውስጥ በኩል የሚያልፈው ነርቭ (ቲቢያል ይባላል) ወደ ላይ ወጥቶ የሚገባው ከወገብ በታች፣ ከፊኛና ከፊንጢጣ የሚመጡት ነርቮች የሚገቡበት የአከርካሪ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ያለውን ቦታ የታክሲ ተራ አድርጊና አስቢው። ፊኛሽ ያለ ተራው እየተጋፋ "እኔ ልውጣ" ይላል። ከእግር የሚላከው ቀላል ንዝረት ተራ አስከባሪውን ያነቃዋል። ፊኛው ዝም አይልም፣ ግን ተራውን እንዲጠብቅ ይደረጋል። አሠራሩ እስከ መጨረሻው ተጠንቶ ያለቀ አይደለም፣ ጭምቅ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው።

ስትመጪ የሚሆነው ይሄ ነው። ወንበር ላይ ተደግፈሽ ትቀመጫለሽ፣ እግርሽ ከፍ ይላል። ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት በላይ ሦስት ጣት ያህል ለክቼ፣ ከአጥንቱ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በጣም ቀጭን መርፌ አስገባለሁ። ተረከዝሽ አካባቢ ፕላስተር የመሰለ ነገር ይለጠፋል። ከዚያ ትንሿን ሣጥን ከፍቼ ቀስ እያልኩ እጨምራለሁ፣ አውራ ጣትሽ ወደ ታች እስክትታጠፍ ወይም የውስጥ እግርሽን እስኪነዝርሽ። ጣቷ ስትንቀሳቀስ ቦታውን አግኝተነዋል ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ጣቱን አይቶ ይስቃል። 30 ደቂቃ ትቀመጫለሽ፣ ስልክሽን ታያለሽ፣ ታንቀላፊያለሽ። በሳምንት አንዴ፣ ለ12 ሳምንት። ከሠራልሽ ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ገደማ እየመጣሽ ትቀጥያለሽ።

አንድ ነገር አስምሪበት፦ በመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ አትጠብቂ። ብዙዎቹ ለውጥ የሚያዩት ወደ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ የሚያቋርጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ነው።

ተጠራጣሪው

ቆይ፣ ይሄ የቻይና መርፌ አይደለም እንዴ? አኩፓንክቸር ላይ ሽቦ አስረው "ቴራፒ" ብለው ለኢንሹራንስ ያስከፍላሉ። አንድ ሰው ለ12 ሳምንት በሳምንት አንዴ ነርስ እያጫወተችው ቢቀመጥ ባይወጋም ይሻለዋል። አሜሪካ ውስጥ ያልሸጡት ነገር የለም።

ፋርማሲ_ቤት

ተጠራጣሪው፣ ግማሹን አግኝተሃል። ነገሩ ከአኩፓንክቸር ጋር ዝምድና አለው፣ ማንም አልደበቀውም። ዘዴውን ያዳበረው ማርሻል ስቶለር የሚባል የሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዩሮሎጂስት ሲሆን፣ መርፌው የሚገባበት ቦታ በቻይና ሕክምና ሳንዪንጂያዎ ከሚባለው ነጥብ ጋር አንድ ነው። የሚገርመው የወገቡ ሕክምናም መነሻው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ታናጎ እና ሽሚት የሚባሉ ሐኪሞች በ1980ዎቹ የጀመሩት።

"ባይወጋም ይሻለዋል" ያልከው ደግሞ ተፈትኗል። በ2010 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 220 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ እውነተኛውን ወሰዱ። ግማሾቹ ላይ ደግሞ የገባ የሚመስል ግን ቆዳ የማይበሳ መርፌ ተደረገ፣ እንዳይጠረጥሩም እግራቸው ላይ ትንሽ ንዝረት እንዲሰማቸው ተደረገ። እኩል ሳምንት፣ እኩል ደቂቃ፣ እኩል ጨዋታ። መካከለኛ ወይም ከፍተኛ መሻሻል አለን ያሉት በእውነተኛው 54.5 በመቶ፣ በውሸቱ 20.9 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ከአምስት አንዱ በባዶም ተሽሎታል፣ አንተ ትክክል ነህ። ግን ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ደግሞ ሌላውን ገጽ እንየው፤ እውነተኛውን ወስደው ያን ያህል ያልተሻላቸው ግማሽ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ይህን ለታካሚ ሳይነግሩ ማስጀመር ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ተጠራጣሪው

እሺ ቁጥሩን ወድጄዋለሁ። ግን "መሻሻል" ማለት ምን ማለት ነው? ሰውዬው ስለተሰማው?

የኤርፖርቱ_ሾፌር

እኔ ልመልስልህ፣ የወገቡን ያስተከልኩ ነኝ። ቨርጂኒያ ነው የምነዳው። ሾፌር ሆነህ ሽንት ሲያጣድፍህ ምን እንደሚመስል ሰው አያውቅም። ኤርፖርት ወረፋ ላይ መኪናህን ጥለህ አትሄድ፣ ተሳፋሪ ይዘህ "ይቅርታ ጌታዬ፣ አንዴ ልቁም" አትል። ወንበሬ ሥር ጠርሙስ ነበረኝ፣ በቃ ልናገረው። ውሃ መጠጣት አቁሜ ነበር፣ ያ ደግሞ ሽንቱን አወፍሮ ይባስ አቃጠለኝ።

ስለ መሻሻል ለጠየቅከው፣ በወገቡ ሕክምና ጥሩ የሆነው ነገር ይሄ ነው፦ ሳትገዛ ትሞክረዋለህ። መጀመሪያ ክሊኒክ ውስጥ በሆድህ አስተኝተው፣ ቦታውን አደንዝዘው፣ ከጅራት አጥንት ከፍ ብሎ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ቀዳዳ በኩል ቀጭን ሽቦ ያስገባሉ። ሦስተኛው የሳክራል ነርቭ የሚሉት ጋ። እዚህም አውራ ጣትህን ነው የሚያዩት! ጣትህ ስትታጠፍና ከታች በኩል፣ በፊንጢጣ አካባቢ ማለቴ ነው፣ ጭምድድ ሲል ሐኪሙ "አገኘሁት" አለ። ሽቦው ጀርባህ ላይ ይለጠፋል፣ ሣጥኑ ቀበቶህ ላይ። በዚያው ሁኔታ ለጥቂት ቀናት ትኖራለህ። ገላ መታጠብ የለም፣ በእርጥብ ፎጣ ነው። መጎንበስ፣ ሻንጣ ማንሳት ክልክል፣ ስለዚህ ሥራ አልገባሁም።

ዋናው ነገር ማስታወሻው ነው። ከሙከራው በፊት ስንት ጊዜ ሄድክ፣ ስንት ጊዜ አመለጠህ፣ ማታ ስንት ጊዜ ተነሣህ፣ ሁሉንም ጽፈሃል። በሙከራውም ትጽፋለህ። በግማሽ ከቀነሰ ዋናውን ያስገቡልሃል። ካልቀነሰ ሽቦውን ስበው ያወጡትና ወደ ቤትህ። የኔ ከግማሽ በላይ ወረደ። እንደተሰማኝ ሳይሆን ወረቀቱ ነው የተናገረው።

ጨዋታ_አዋቂ

ሚስቴ የሽንት ማስታወሻዬን ብታገኘው ደብዳቤ የምጽፍላት ሴት ያለች ነው የሚመስላት። "3፡40 መጣ፣ 4፡15 እንደገና መጣ።" 😂

ማታ_አልተኛም

ጋሼ ሾፌር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለ ጠርሙሱ ደግሞ አይፈሩ፣ እኔም የባሰ አለኝ። ጥያቄ አለኝ፣ ትንሽ ነውር ነው። ሲሠራ የት ነው የሚሰማዎት? ሁልጊዜ ነው? ኤምአርአይ ማንሳትስ ይቻላል? ጉልበቴን ያመኛል፣ ለሱ ልታዘዝ እችላለሁ።

የኤርፖርቱ_ሾፌር

ምን ነውር አለው ልጄ። የሚሰማው ከብልትና ከፊንጢጣ መካከል ነው፣ እንደ ቀላል ነዘር ነዘር። አሁን ለምጄው ካላሰብኩት አላስተውለውም። ጠንከር ካለ በሪሞት ትቀንሺዋለሽ። እየነዳሁ ግን ሪሞቱን አልነካም፣ ተብያለሁ። ኤርፖርት ፍተሻ ላይ የመሣሪያውን ካርድ አሳያለሁ። አንዴ ተሳፋሪ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ መጣና፣ ጨዋ ነኝ ብዬ አነሣሁለት። ከዚያ በኋላ ንዝረቱ ወደ እግሬ ወረደ፣ መጣደፉም ተመለሰ። ስሄድ ሽቦው ትንሽ ተንቀሳቅሷል አሉኝና በኮምፒውተር አቀማመጡን ቀያየሩልኝ፣ ተስተካከለ። ለአንዳንድ ሰው ግን በማስተካከል አይመለስም፣ እንደገና ኦፕራሲዮን ይሆናል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ቲጂ_ነርሷ

ኤምአርአይ፦ አሁን የሚተከሉት አዳዲሶቹ በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ ለሙሉ ሰውነት ኤምአርአይ ይሆናሉ። የድሮ ሥሪት ያላቸው ሰዎች ላይ ነው ችግሩ። ከመነሳትሽ በፊት የመሣሪያውን ካርድ ለሬዲዮሎጂ ማሳየት ግዴታ ነው።

የወገቡ ለአስቸኳይ የሽንት ማምለጥ በኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ) የጸደቀው በ1997 ነው፣ አዲስ ሙከራ አይደለም። ሜድትሮኒክ የሚባለው ኩባንያ ኢንተርስቲም የሚለው መሣሪያ ነበር፣ ለብዙ ዓመት ብቻውን ነበር ገበያው ላይ። በ2019 አክሶኒክስ የሚባል ኩባንያ ቻርጅ የሚደረግ፣ ቢያንስ 15 ዓመት የሚቆይ ይዞ ሲመጣ ነው ሁሉም መሯሯጥ የጀመረው። አሁን ሁለት ዓይነት አለ፣ ቻርጅ የምታደርጊውና የማታደርጊው። ቻርጁ ሳይረሳሽ ትችያለሽ ወይ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ስልኳን ቻርጅ ማድረግ የምትረሳ ሴት ታካሚ አለችኝ፣ እሷን ቻርጅ የማይፈልገውን ውሰጂ ነው ያልኳት።

ነታንያ_ነኝ

ሰላም ከእስራኤል። ሌላም አማራጭ ስላለ ልጨምር፣ ምክንያቱም አንደኛው እዚሁ እኛ ጋ ሄርዝሊያ ባለ ብሉዊንድ በሚባል ኩባንያ ነው የተሠራው። ሬቪ ይባላል። ነርሷ መርፌ የምትወጋበት ቦታ ላይ፣ ቁርጭምጭሚት አጠገብ፣ ትንሽ ነገር ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ውስጡ ባትሪ የለውም። ቤትሽ ሆነሽ እግርሽ ላይ የሚታሰር ነገር ታደርጊያለሽ፣ ኃይሉን የሚሰጠው እሱ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ። አሜሪካ ውስጥ ኤፍዲኤ የፈቀደው ነሐሴ 2023 ነው፣ በፈረንጅ።

ከሱ በፊት በ2022 ኢኮይን የሚባል ወጥቷል፣ ሳንቲም የሚያህል። እሱ ባትሪው ውስጡ ነው፣ ራሱ በየሦስት ቀኑ ለ30 ደቂቃ ይሠራል፣ ከ18 ሳምንት በኋላ ደግሞ በየአራት ቀኑ። አንቺ ምንም አታደርጊም። ባትሪው ሲያልቅ ግን ይቀየራል፣ ያው እንደገና መቆረጥ ነው። ሁለቱም ቦታውን ብቻ አደንዝዘው የሚሠሩ ናቸው።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅኩት ለእናቴ ስል ነው። ዕብራይስጥ አይሆንላትም፣ ሐኪም ቤት የማስተረጉምላት እኔ ነኝ። እስቲ አስቡት፣ ወንድ ሐኪም ፊት እናቴ "ስንት ጊዜ ያመልጥዎታል?" ተብላ ስትጠየቅ። ወደ እኔ ዞራ "ጥቂት ነው በይው" አለችኝ። ቤት ውስጥ ዳይፐሩን የምገዛው እኔ ነኝ! አሁን ማስታወሻውን አብረን ቤት ሞልተን ነው የምንሄደው። ወረቀቱን ታስረክባለች፣ ማፈር ቀረ።

ምስራቅ_ለንደን

እዚህ እንግሊዝ ወረፋው ሌላ ነው። በናይስ (የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የመንግሥት ተቋም) መመሪያ መሠረት የእግሩን ሕክምና እንደ ተራ ነገር አይሰጡሽም። የባለሙያዎች ቡድን ጉዳይሽን ካየው፣ ልምምድና መድኃኒት ካልሠሩ፣ ቦቶክስና የወገቡንም አልፈልግም ካልሽ ነው። በተግባር ቦቶክስ ይቀድማል።

እኔ እየጠበቅኩ ሳለ ፊዚዮቴራፒስቴ ያለ መርፌ የሚሆነውን አሳየችኝ። ቴንስ ማሽን፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፓድ ቀላል ንዝረት የሚሰጥ፣ ለወገብ ሕመም የሚሸጠው ያው ነው። አንዱን ፓድ ከቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ፣ ሌላውን ከዚያ በላይ ከፍ አድርጎ መለጠፍ። ጣቴ ትንሽ እስክትነቃነቅ መጨመር፣ ከዚያ ሶፋ ላይ ኳስ እያየሁ ግማሽ ሰዓት። ማታ የምነሣው ቀንሷል። መጣደፉ ቀን ላይ አለ። ብዙም አልኮራበትም፣ አልሰደበውምም።

ማስጠንቀቂያ፦ ልብ ላይ ፔስሜከር ያለው፣ እርጉዝ የሆነች ሴት፣ ሐኪም ሳይጠይቁ አይንኩት።

የአዲሱ_ሐኪም

ከአዲስ አበባ ነኝ። ክሩን (ውይይቱን) አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ አገር ቤት የሚያነቡ ስላሉ ጣልቃ ልግባ።

ሽንት ያመለጠው ሁሉ ፊኛው የተቆጣ አይደለም። ስኳር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ጠጠር፣ ለወንዶች ደግሞ ፕሮስቴት መጀመሪያ መታየት አለባቸው። ሽንቱ ላይ ደም ያየ ሰው ስለ ነርቭ ማነቃቂያ ከማሰቡ በፊት ይመርመር። ከወሊድ በኋላ፣ በተለይ ምጥ ከቆየባት በኋላ፣ ሽንቷ ሳያጣድፋት ቀን ከሌት ዝም ብሎ የሚፈስ ሴት ካለች እሱ ፌስቱላ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳ ነው፣ በቀዶ ጥገና ነው የሚደፈነው፣ ማሽን አይሠራለትም። ዶክተር ካትሪን እና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1974 በፈረንጅ አዲስ አበባ የከፈቱት ሆስፒታል እስከ ዛሬ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እባካችሁ ለአክስታችሁ ከውጭ ማሽን ከመላካችሁ በፊት "ይጣድፍሻል ወይስ ዝም ብሎ ይፈሳል?" ብላችሁ ጠይቁ። በስልክ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

የእውነት መጣደፍ ከሆነ ግን እዚህም ምንም የለም ማለት አይደለም። ቴንስ ማሽን ለወገብና ለጉልበት ሕመም ፊዚዮቴራፒ ክፍሎች የሚጠቀሙበት ነው። የሚጎድለው ለቁርጭምጭሚት እንደሚሆን የሚነግር ሰው ነው። ከሱ በፊት ደግሞ ቡናው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥታ፣ ማታ ደግሞ ሻይ ደግማ "ለምን አልተኛሁም" የምትል እናት ስንቷን ልቁጠር። ተዪው አልልም፣ ቡና ተዪ ያለ ሐኪም ሁለተኛ አይጠየቅም። ከሰዓት በኋላ ያለውን ብቻ ቀንሺ እላለሁ።

ተጠራጣሪው

ዶክተር፣ በረካን ነክተሃል፣ ይህ ክር ሊዘጋ ነው።

ቡና_ያለ_ስኳር

ሁሉም ሠራልኝ እያለ ስለሆነ ያልሠራልኝም ልናገር። ሚኒሶታ ነኝ። የእግሩን ጨረስኩ፣ አንድም ቀን ሳልቀር። መጀመሪያ ላይ ለውጥ ነበረው፣ ደስ ብሎኝ ለእህቶቼ ሁሉ ደውዬ ነገርኩ። ከዚያ የወር ቀጠሮው ላይ ሥራ፣ ልጅ፣ በረዶ፣ እየዘለልኩ መጣሁ፣ ነገሩም ወደ ነበረበት ተመለሰ። እንደገና ቀጠሉልኝ፣ ያን ጊዜ ግን ከምንም አልቆጠረኝም። በመጨረሻ ቦቶክስ ወሰድኩ። አሁን ደህና ነኝ፣ ግን ሲያልፍበት ተመልሶ መወጋት አለ፣ ኢንፌክሽንም ይዞኝ ያውቃል። በሐኪም ቤቱ አልፈርድም። ግን "ዕድሜ ልክ በወር አንዴ መምጣት ትችያለሽ?" ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፣ ብጠየቅ "አልችልም" ነበር መልሴ።

ፋርማሲ_ቤት

ቡና_ያለ_ስኳር፣ ይህ ከቁጥር በላይ ይጠቅማል። ቦቶክስና የወገቡ ፊት ለፊት ተወዳድረዋል፣ በ2016 በወጣ ጥናት፣ መድኃኒት ያልሠራላቸው ሴቶች ላይ። በስድስት ወር ውስጥ የማምለጡ ብዛት በቀን በአማካይ በቦቶክስ 3.9፣ በወገቡ 3.3 ቀነሰ። ቦቶክሱ በጥቂቱ በለጠ ማለት ነው፣ ግን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽኑም በሱ በኩል በዛ፣ አንዳንዶቹም ሽንታቸው አልወጣ ብሎ ለጊዜው በቱቦ ማስወጣት ነበረባቸው። ያን ጊዜ የተጠቀሙት የቦቶክስ መጠን 200 ዩኒት ነበር፣ አሁን ለዚህ ችግር የተለመደው 100 ነው።

ማታ_አልተኛም፣ ስለ መድኃኒትም ልበል። ኦክሲቡቲኒን አልሆነኝም ማለት ክኒን ሁሉ አይሆነኝም ማለት አይደለም። ሚራቤግሮን በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው፣ አፍ አያደርቅም ማለት ይቻላል፣ የደም ግፊትን ግን መከታተል ያስፈልጋል። እነ ኦክሲቡቲኒንን ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ እኔ አልወድም። በ2015 የወጣ የሲያትል ጥናት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 3,434 ሰዎች ተከታትሎ፣ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ብዙ የወሰዱት ላይ የመርሳት በሽታ በዝቶ አግኝቷል። መድኃኒቱ ነው ያመጣው ብሎ መደምደም አይቻልም። ግን ሌላ መንገድ እያለ ለምን?

ደግሞ የአሜሪካ ዩሮሎጂስቶች ማኅበር በ2024 መመሪያውን ቀይሯል። ድሮ ደረጃ በደረጃ ነበር፣ መጀመሪያ ልምምድ፣ ቀጥሎ ክኒን፣ እሱ ካልሠራ ነርቭ ወይም ቦቶክስ። አሁን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ የሚስማማሽን ትመርጫለሽ። ኢንሹራንሶች ግን መመሪያ አያነቡም። ብዙዎቹ አሁንም "ክኒን ሞክራ ነበር?" ይላሉ። አንቺ ሞክረሻል፣ ስለዚህ አልሆነልኝም ያልሽው ፋይልሽ ላይ በጽሑፍ መኖሩን አረጋግጪ።

ማታ_አልተኛም

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ የእውነት። ባለቤቴ እንኳ ይህን ያህል አላወራኝም።

እስካሁን የገባኝ ይሄ ነው። የወገቡ አስፈርቶኛል፣ ግን ሙከራ እንዳለው አላውቅም ነበር፣ ቶሎ መልስ ማግኘቱ ወድጄዋለሁ። ሻንጣ ባላነሣም ሰው አነሣለሁ፣ ሥራዬ እኮ አዛውንት ከአልጋ ማንሳት ነው፣ የጋሼ ሽቦ ታሪክ ሆዴ ገባ። ቦቶክስ በቱቦ መሽናት የሚለውን ስሰማ አልቻልኩም። የእግሩ ለሥራዬ ይከብዳል፣ ግን 12 ሳምንቱን አለቃዬን ለምኜ አገኘዋለሁ። ከዚያ በኋላ የወር ቀጠሮው ካቃተኝ ደግሞ የሚቀበረውን ሳንቲሙን ወይም የነታንያዋን እጠይቃለሁ። እንዲህ ማድረግ ይቻላል ቲጂ? ከእግሩ ወደሚቀበረው መሻገር?

ሌላው፣ ግማሽ ብቻ ቢሻለኝ በቂ ነው ወይ ብዬ አሰብኩ። ማታ የምነሣው በግማሽ ቢቀንስ እተኛለሁ። ተጠራጣሪው ይስቅ እንጂ ለኔ ይበቃኛል።

ተጠራጣሪው

አልሳቅኩም እህቴ። አባቴም ይህ ችግር አለበት፣ ክሩን ልልክለት ነው። ስለ አኩፓንክቸሩ ግን አልተሸነፍኩም።

ቲጂ_ነርሷ

ይቻላል። የእግሩን ወስዶ የተሻለው ሰው ቢቀበርለት ያው ነርቭ ስለሆነ ምክንያታዊ ነው፣ ግን ኢንሹራንስሽ የትኛውን እንደሚሸፍን አሁኑኑ አስጠይቂ፣ በኋላ አይደለም። እነዚህ የሚቀበሩት አዲስ ስለሆኑ ሽፋናቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል። የወገቡን ግን ሜዲኬር (የአዛውንቱ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ከ2002 ጀምሮ ይሸፍናል፣ እናትሽ ብትሆን እሱ አያስጨንቅም ነበር።

ሰው ስለማንሳት ያልሽውን ለዶክተሯ ንገሪያት፣ ቀላል ነገር አይደለም። የኬግል ልምምዱንም (ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ ጭምቅ ማድረጉን) አትተዪ፣ መጣደፉ ሲመጣ አትሩጪ፣ ቁሚና ጭምቅ ጭምቅ አድርጊ፣ ሲያልፍ ቀስ ብለሽ ሂጂ። ስትሮጪ ነው የሚያመልጠው።

ማታ_አልተኛም

ቀጠሮ ይዣለሁ! ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከፈረቃዬ በፊት። የሦስት ቀን ማስታወሻ ሞልተሽ ነይ ብለውኛል። በየትኛው እግር ነው የሚሆነው? ግራ እግሬ በመቆም ብዛት ማታ ማታ ያብጣል።

ቲጂ_ነርሷ

እሰይ! በየትኛውም ይሆናል። የሚያብጠውን ተዪው፣ በቀኝ አሠሪው። መርፌው የሚገባበት ቦታ ላይ የዚያን ቀን ጠዋት ሎሽን አትቀቢ፣ ፕላስተሩ አይለጠፍም። ጠባብ ጂንስም አትልበሺ፣ እስከ ጉልበት የማይጠቀለል ሱሪ ለብሳ መጥታ የሐኪም ቤት ጋውን ያለበስኳት ሴት አለች። ደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ከማክሰኞ በፊት ደውለሽ ንገሪያቸው። ማስታወሻው ላይ የጠጣሽውንም ጻፊ፣ በረካን ጨምሮ።